ደላላው ያመጣልን ዲን

ዲን ሁን ተብዬ የተለመንሁት ለሁለት ሳምንት ነበር። «ሰው እስኪገኝ ብቻ» አሉኝ። ሁለቱ ሳምንት ሦስት ዓመት ሆኖ አረፈው። በዚህ መካከል ሁለት ጥርሴ ወለቀ፣ አንድ መነጽር ተቀምጬበት ሰበርሁ፣ ባለቤቴም በየጊዜው «ያ ሁለት ሳምንት አላለቀም እንዴ?» እያለች ትጠይቀኛለች። እሷ ስትጠይቅ ትስቃለች፤ እኔ ስመልስ አልስቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆምሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ገንዳ ውሃ ከተማ ጥላ ሥር መቀመጥ እንደጀመርሁ፣ ዋናው ግቢው ደጋ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ኮሌጁን ወደ እኛ ቆላ አወረደውና «ልምድ ያለው ሰው ያግዘን» ተብሎ ተጠራሁ። ሳግዝ ሳግዝ፣ አንድ ቀን የነበረው ዲን ለስብሰባ ደጋ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ስብሰባው ይጣመው ብርዱ አላውቅም። በማግስቱ «ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ?» ተብሎ ሲመከር ሁሉም ቆሞ ይነጋገራል፤ እኔ ጉልበቴን ስላመመኝ ቀደም ብዬ ተቀምጫለሁ። የተቀመጥሁት ለካ እዚያው ወንበር ላይ ኖሯል። ተጠባባቂ ዲን የሆንሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ሌላ ብቃት አልተጠየቅሁም።

ዘንድሮ ግን ከላይ ቁርጥ ያለ ደብዳቤ መጣ። ኮሌጁ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በሙያው የተማረ ቋሚ ዲን ካልሾመ አዲስ ተማሪ መቀበል አይችልም። አዲስ ተማሪ ያልተቀበለ ኮሌጅ መጨረሻው ይታወቃል፤ ያሉትን ተማሪዎች ወደ ደጋ ይወስዷቸዋል፣ በሩ ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል። ከሽንፋም ከአብደራፊም ያለው ገበሬ ልጁን፣ በተለይ ሴት ልጁን፣ ፋርማሲ የሚያስተምረው ኮሌጁ እዚሁ ደጁ ስላለ ነው። ያ በር በእኔ ዘመን ከተዘጋ በከተማው መሀል በየት በኩል እንደማልፍ አላውቅም። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ አዝነውልን «ትንሽ ጊዜ ይጨመርላችሁ» ቢሉን እኔ እዚያው ወንበር ላይ መሞቴ ነው። የትኛው የበለጠ እንዳስፈራኝ አትጠይቁኝ።

ማስታወቂያ አወጣን። በመጀመሪያው ዙር ማንም አላመለከተም። በሁለተኛው ዙር አንድ ሰው ደወለና «ከተማው ከጎንደር ምን ያህል ይርቃል?» አለኝ። ነገርሁት። «ሙቀቱስ?» አለኝ። እሱንም ነገርሁት። አመስግኖ ዘጋው፤ ጨዋ ሰው ነበር። በሦስተኛው ዙር ያመለከተው የከብት ሐኪም ነው። እኔ እንኳ ልቤ ከጅሎ ነበር፤ «መድኃኒት መድኃኒት ነው» ብዬ ተከራክሬያለሁ። የከለከለችኝ መምህርቷ ናት።

መምህርቷን ላስተዋውቃችሁ። የቅጥር ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሦስተኛው አባል ግን የሰሊጥ እርሻ ስላለው መስከረም ከጠባ ወዲህ በግቢው አልታየም። የቀረነው እኔና እሷ ነን። የመድኃኒት ቅመማ ታስተምራለች፤ ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ውሸት አይሆንላትም። ይህን የመጨረሻውን እስከዚያ ሰሞን ድረስ እንደ ጉድለቷ ነበር የማየው።

የመጨረሻው ሳምንት እየቀረበ ሲመጣ አንድ ጠዋት መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ደላላውን አየሁት። እዚህ አገር ሰሊጥ ከደረሰ አይጠብቅም፤ ቀን ካሳለፉበት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ሠራተኛ ሲጠፋ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ገበሬ የለም። ደላላ ይይዛል። ይህ የእኛ ደላላ ደግሞ ከጎጃምም ከወሎም የሚወርደውን ሠራተኛ ሁሉ ሲያሰማራ የኖረ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚጮህ፣ ድምፅ ማጉያው ቢቀር ምንም የማይጎድልበት ሰው ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አለው፤ ያሰማራውን ሰው ስም፣ አገሩንና ጠባዩን ይጽፍበታል። እግሬ ወደሱ ወሰደኝ።

«ጋሼ! ስንት ሰው ልስጥዎት?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? ለጓሮ ነው?»

«የምፈልገው ዲን ነው።»

ድምፅ ማጉያውን አወረደ። «ዲን ምን ይሠራል? ያጭዳል ወይስ ይወቃል?»

«ይፈርማል።»

«ቆሞ ነው ተቀምጦ?»

«ተቀምጦ።»

«በጥላ?»

«በጥላ።»

«ታዲያ እንዴት ጠፋ?» አለኝ።

ለመምህርቷ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባባ! ዲን በደላላ?»

«አንቺ በጋዜጣ አመጣሽ?»

ቀልዴን እንደሆነ አስመስዬ ወጣሁ እንጂ ልቤ ደላላው ዘንድ ነበር።

አምስት ቀን አልሞላም፤ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ አገኘሁት! ከደብተሬ ነው ያገኘሁት!» አለኝ ደላላው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዓመታት በፊት ተማሪ ሳለ አራት ክረምት ከወሎ እየወረደ ሰሊጥ ያረመ ልጅ ነበር። ብዙ ተማሪ እንዲያ ያደርጋል፤ ክረምት ያርማል፣ መስከረም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ያ ልጅ ተምሮ ተምሮ በፋርማሲ ዶክተር ሆኖ ደጋ ላይ ያስተምራል። ደላላው በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይደውልለት ኖሯል። እኔ በሦስት ዙር ማስታወቂያ ያላገኘሁትን ሰው እሱ በእንኳን አደረሰህ አገኘው።

ማስረጃዎቹ በስልክ መጡ። መምህርቷ የምርት ቁጥሩና የአገልግሎት ዘመኑ እንደሚመረመር መድኃኒት አገላብጣ አየቻቸው። «ይሄ ሰውዬ እውነተኛ ነው» አለች በመጨረሻ። የቃለ መጠይቁን ቀን ቆረጥን። መንገዱም ያን ሰሞን ክፍት ነበር፤ በአውቶቡስ እንደሚመጣ ነገረን።

ልቀበለው መናኸሪያ ስሄድ ደላላው ቀድሞኝ ቆሟል። ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኝ «ለመሆኑ ምን ብለህ አሳመንኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ምነው ባልጠየቅሁት!

«ያው የሚባለውን ነዋ።»

«የሚባለው ምንድን ነው?»

«ቤቱ ኤሲ አለው አልሁት። ቤተ ሙከራው ከውጭ በመጣ መሣሪያ ሞልቷል አልሁት። ውሃ ቀን ከሌት ነው፣ መኪና ከነሹፌሩ ነው...»

«አንተ ሰውዬ! እኛ ቤትም የለን!»

«ጋሼ፣ ለሠራተኛ እንዲህ ነው የሚነገረው። እውነቱ ከተነገረውማ ማን ይወርዳል? ማፊ ሙሽኪላ! አንዴ ከወረደ ይለምደዋል።» ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን የተማርናት ይህቺ «ችግር የለም» የምትባል ቃል ችግር ባለበት ሁሉ ቀድማ ትገኛለች።

አውቶቡሱ ደረሰ። ሠራተኞቹ እየተጋፉ ሲወርዱ መሀላቸው አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ የትከሻ ቦርሳ ብቻ የያዘ ሰው ወረደ። እኔን ሳያየኝ ደላላውን አቀፈው። «አለቃዬ! አሁንም ትጮሃለህ?» አለው በወሎ ለዛው። ደላላው በኩራት ደብተሩን ገልጦ የድሮውን መዝገብ ለእኔ አሳየኝ። ከሰውየው ስም አጠገብ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሥራው ጥሩ። ጥያቄ ያበዛል።»

ጥያቄ ያበዛል!

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ምን ማድረግ እንዳለበት አውቃለሁ። እንግዳውን አስቀምጦ «ልጄ፣ ደላላው የነገረህ ሐሰት ነው» ማለት ነው። እኔ ግን ሆቴል አስገብቼው በማግስቱ ማለዳ ከግቢው በር ፊት ለፊት ለስላሳ የምትሸጠውን ሴት ፍሪጇን ለግማሽ ቀን እንድታውሰኝ ለመንኋት። «ጠርሙሱን ላውጣ» ስትለኝ «ተይው፣ ጊዜ የለም» አልኋት። በጋሪ አስጭኜ የመድኃኒት መጋዘናችን ውስጥ አስቆምሁትና በትልቅ ጽሑፍ «ክትባት፤ አይነካም» ብዬ ለጠፍሁበት። ቤተ ሙከራውን ደግሞ ቆልፌ ቁልፉ ጠፍቷል ለማለት ተዘጋጀሁ። ቁልፉ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በተቀመጥሁ ቁጥር ጭኔን ይወጋኛል።

እንግዳው ከተፍ አለ። ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት «መጋዘኑን ባይስ?» አለ። መምህርቷም አብራን ገባች። ፍሪጁን ስታይ ቆም አለች፤ በዚያ ክፍል ፍሪጅ ኖሮ አያውቅም። ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

እንግዳው ጽሑፉን አነበበና በሩን ከፈተው። አይነካም ማለት ለፋርማሲ ሰው ንካኝ ማለት መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ረስቼው ነበር። ብርቱካንማ ጠርሙስ በአራት ረድፍ ተደርድሮ ተገኘ። አንዱን አነሳ፣ አዟዙሮ ማለቂያ ቀኑን ፈለገ፣ አነበበ።

«ጊዜው አላለፈበትም» አለ። ቀጥሎም ፊቱ ሳይፈታ ወደ እኔ ዞሮ «ይሄ ክትባት በአፍ ነው የሚሰጠው?» አለኝ።

«እየቀዘቀዘ» አልሁት። ምን ልበለው?

መምህርቷ ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣች አላየሁም። ቢሮ ስንገባ ግን ቦታዋ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ «የኮሌጁን የወደፊት ዕቅድ ያቅርቡልን» አለችው። መብራት ጠፍቶ ቬንቲሌተሩ ቆሟል። ሦስታችንም ላብ በላብ ነን።

«ከማቅረቤ በፊት ልጠይቅ?» አለ። «እዚህ አገር ለሥራ የወረደ ሰው ጓዙን ትራክተር ተሳቢ ላይ ከመጫኑ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር። እኔም ስወርድ እጠይቅ ነበር። ልማዱ ቀርቷል እንዴ?»

አልቀረም። ቆላ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሠራተኞቹ ከመሀላቸው አንድ ደፋር ይመርጣሉ፤ እሱ ገበሬውን ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ካልጣማቸው ጓዛቸውን አንስተው ሌላ ተሳቢ ይፈልጋሉ። እኔ ራሴ በጎረምሳነቴ በአባቴ እርሻ ላይ እንዲያ ስጠየቅ ዋሽቼ አውቃለሁ።

«ውሃው ከየት ነው?» አለኝ።

«ከቧንቧ።» መምህርቷ አሳላት። «ቧንቧው ሲመጣ» ብዬ ጨመርሁ። እንደገና አሳላት። «በሳምንት አንድ ቀን» አልሁ። ሳሉ ቆመ።

«ማረፊያው የት ነው?»

«ቤት እየተፈለገ ነው።» እሷን አየኋት፤ አላሳላትም። ይሄኛው እውነት ነበር።

«የታመመን ማን ያነሳል?»

ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። አፌን ስከፍት እጁን አነሳና ስለ ራሱ ነገረን። በሁለተኛው ክረምቱ እርሻ ላይ ሳለ ወባ ጣለው። ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ከዚያም በተሳቢ ጭነው ወደዚህ ከተማ አመጡት። ሲደርሱ መሽቷል። አንድ መድኃኒት ቤት ሊዘጋ ሲል ደረሱ፤ ባንኮኒው ጀርባ የነበረው ሰው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ «ነገ ኑ» አላቸው።

«ነገ ኑ አለን» አለ። «ነገ አልደርስም ነበር። ጓደኞቼ በር በር እያንኳኩ ሌላ ቦታ አገኙልኝ።»

በዚያ ዘመን በዚህ ከተማ መድኃኒት ቤት ሦስት ብቻ ነበር። በአንደኛው ባንኮኒ ጀርባ የቆምሁት እኔ ነኝ። እንደ ዋዛ አስመስዬ «የትኛው ዓመት ይሆን?» አልሁት። ነገረኝ። በጣቴ ቆጠርሁ፣ ደግሜ ቆጠርሁ። ያን ዓመት ሙሉውን ለሥልጠና ጎንደር ነበርሁ! ጎንደርን በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ወድጃት አላውቅም።

ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። እኔ አልነበርሁም እንጂ እኔም ሊሆን ይችል ነበር። ቁልፍ እያንቀጫቀጭሁ ስንቱን «ነገ ና» ብያለሁ? ተመልሶ ዓመቱን ሊነግረኝ የመጣ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው መዋሸት አቃተኝ። ብድግ አልሁና የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

«ማንም አያነሳም» አልሁት። «መኪናችን ባትሪ የለውም። ተማሪ ሲታመም ተማሪዎቹ አዋጥተው በባጃጅ ይወስዱታል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው አምስት ሙቀጫ፣ አንድ ሚዛንና አምፖሉ የተቃጠለ ማይክሮስኮፕ ነው። ኤሲ የሚባል ነገር የለም። ፍሪጁ ደግሞ የለስላሳ ሻጯ ነው፤ እስከ ምሳ መመለስ አለብኝ። ደላላውን አትቀየመው፤ አጨብጭቤ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ተናግሬ ስቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭኔን የሚወጋኝ አልነበረም። ሰውየውን ግን እንዳጣሁት እርግጠኛ ነበርሁ። በልቤ የግቢው በር ሲዘጋ፣ ልጃገረዶቹ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ሲወጡ እያየሁ ነው።

እንግዳው ሳቀ። «አባቴ፣ የደላላ ወሬ በአራት ተካፍሎ ነው የሚሰማ። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ደላላው ነው። በአራት አካፍዬ ነው የመጣሁ።»

«ታዲያ አንድ አራተኛውን አገኘኸው?»

«ከዚያም ያንሳል» አለ። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሮ ዕቅዱን አቀረበ፤ ወረቀት እንኳ አላወጣም። መድኃኒት በሙቀት እንዴት እንደሚበላሽ ደጋ ላይ ሆኖ በመጽሐፍ ሲያስተምር እንደሚያፍር ነገራት። «መድኃኒቱ የሚበላሸው እዚህ፣ የሚበላሽበት ሰውም እዚህ። ይህን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ አገር የት አለ?» አላት። በአጨዳ ወራት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሳጥን መድኃኒት ይዘው እርሻ ድረስ እንዲወጡ ይፈልጋል፤ ሠራተኛው የታመመበት ቦታ ላይ እንዲገኙ። መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታዳምጠዋለች። ሦስት ዓመት ስናገር እንደዚያ አዳምጣኝ አታውቅም።

«አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ» አለ መጨረሻ ላይ።

ይኸው መጣ አልሁ። መቼም ኤሲ አይለኝም። «ምክትሌ ሆነው ይቆዩልኝ» ሊለኝ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ፣ እስክለምድ ብቻ ሊለኝ ነው! ጉልበቴ ገና ሳይጠየቅ አመመኝ።

«እርስዎ እንዲሄዱልኝ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤትዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። በነበርሁበት ኮሌጅ የቀድሞው ዲን ‹ልጎብኛችሁ› እያሉ አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሻይ ሲጠጡ ከርመዋል። ሻያቸውን ሳይጨርሱ የሚወሰን ነገር አልነበረም።»

መምህርቷ «ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው» አለች። ትንሽ ብትቆይ ምናለ? አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየችም።

እኔ እንደሆንሁ ደስታው ዓይኔን አረጠበው። ትንሽ ቅሬታም ነበረኝ፤ ሰው እንዲህ በፍጥነት ተፈላጊነቱ ሲቀር ደስ አይለውም። ቅሬታው ፍሪጁን እስክመልስ ድረስ ቆየ። ባለፍሪጇ ጠርሙሶቹን ስትቆጥር አንድ ጎደላት፤ ዲኑ ጠጥቶታል።

ከዚያ በኋላ የቀረው የሦስተኛው የኮሚቴ አባል ፊርማ ነበር። ስልክ አያነሳም፤ እኔና መምህርቷ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭነን ሽንፋ መንገድ ያለው እርሻው ድረስ ሄድን። ነዶ ሲያቆም አገኘነው። ቃለ ጉባኤውን ቆሞ አነበበና «ማን ነው ያገኘው?» አለን። «ኮሚቴው» አልሁ። መምህርቷ «ደላላው» አለች። ሰሊጥ በነካው እጁ ፈረመ፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው የአውራ ጣት ምልክት ከፊርማው ይልቅ ይነበባል። የሹመቱ ደብዳቤ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ፤ አዲሶቹ ተማሪዎችም ገቡ። ከበሩ ማዶ ቆሜ ሲገቡ አየኋቸው፤ ቅድመ ሁኔታውን አክብሬ ደፉን አልረገጥሁም።

ደላላው ምስጋናዬን ሲቀበል ደረቱን ነፋ። «ጋሼ፣ በደጋው ግቢም የሚጠፋባችሁ ሰው ካለ ንገሩኝ» አለ። «የፕሬዚዳንት ሥራ እንዴት ነው? እሱም በጥላ ነው?»

የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ደጃፌ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ጋደም ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። መምህርቷ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ጠዋት ስትደውል የሆነ ነገር ጠፍቷል፣ ተሰብሯል ወይም ይፈረም ማለት ነው። ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረስኋትም። ያቺን ስመኛት የኖርሁትን ቃል በሙሉ ድምፄ አወጣኋት፦

«ዲኑን ጠይቂ!»

«ጠይቄ፣ አስፈርሜ ጨርሻለሁ አባባ» አለችኝ። «የደወልሁት ጉልበትዎ እንዴት እንደሆነ ልጠይቅ ነው።»

እውነትም ጉልበቴን ረስቼው ነበር። እንዳላመመኝ ነገርኋት፤ አመስግኛት ስዘጋው ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ያን ቀን እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያም ተገላብጬ እስከ ምሳ ተኛሁ።